ሳኦል ወደ ዋሻው የገባበት ምሽት

መርዶው በመጣበት ማለዳ መጽሐፍ ቅዱሱ ጭኔ ላይ ተከፍቶ ነበር። እኔና ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ቤት ከመሠረትን ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ምዕራፍ እናነብ ነበር፤ እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ አዳምጣለሁ። ለሥራ ወደ አረርቲ ሲሄድ፣ «እስክመለስ ቀድመሽኝ እንዳትሄጂ» ብሎኝ ስለ ነበር ያቆምንበትን ምዕራፍ እደግም ነበር። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ አየኋቸው። ቀና ካላልኩ የማይነግሩኝ ይመስል ያንኑ መስመር ደጋግሜ አነበብኩ። በመጨረሻ አንዲት ትልቅ ሴት መጽሐፉን ከጭኔ አንስተው ዘጉትና፣ «በቃ ልጄ» አሉኝ። ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያን ገጽ ማለፍ ፈራሁ። የሚቀጥለውን ካነበብኩ ሞቱን በገዛ እጄ የማጸናው መሰለኝ።

ልጅ ሳለሁ አንኮበር ውስጥ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ጎረቤት ነበሩን። ፊደል የቆጠሩት ካረጁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያኔ ሲመሽ እሳቸው ቤት እሄዳለሁ፤ በጭሳም ኩራዝ ብርሃን እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ የዕለቱን ምዕራፍ ያነቡና፣ መጽሐፉን አጥፈው ፍሙን እየቆሰቆሱ ታሪኩን በራሳቸው አፍ ያወሩልኛል። በእሳቸው አፍ ዳዊት የተደበቀው ከእኛው ገደል ሥር ነበር፤ የሳኦል ወታደሮችም ጉሙን ተከልለው የእኛኑ ዳገት ይወጡ ነበር።

አንድ ምሽት፣ «ዳዊት ከዋሻው ጥግ ተሸሽጓል። ሳኦል ብቻውን ገባ» አሉና ፍሙን አዳፈኑ። «ቀሪው ነገ።»

ወዲያው ደጅ የእግር ኮቴ ተሰማ። «ሳኦል መጣ!» ብዬ ጋቢያቸው ውስጥ ገባሁ።

«የሳኦል ወታደር ሎሚ ይሸከማል እንዴ?» አለ ከውጭ የሚስቅ ድምፅ። ከአሊዩ አምባ ሎሚ እያመጣ የሚሸጠው ሰይድ ነበር። «አንቺ ዘነቡ፣ ዛሬም ይቺን ልጅ አስበረገግሻት? አላህን ፍሪ!»

ሁለቱ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። በማግስቱ እትዬ ዘነቡን ንዳድ ጣላቸው። ምሽት በምሽት ሲተካ ዳዊት ከጠላቱ ጋር እዚያው ጨለማ ውስጥ ነው። እንዳያስል፣ እንዳያስነጥስ እየፈራሁ እኔው ትንፋሼን እይዝ ነበር። ቢጨንቀኝ አልጋቸው አጠገብ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ወጣ?»

«ማን?»

«ዳዊት።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «መጽሐፉ ያውልሽ። ተማሪ ቤት ገብተሽ የለ? አንብቢዋ።»

«እፈራለሁ።»

«ፍሪ፤ ማን አትፍሪ አለሽ? ፈርተሽ ካቆምሽ ግን እሱም እዚያው ቀረ።»

መጽሐፉን አንስቼ አነበብኩ። አንዱን መስመር ስጨርስ ሌላውን እየፈራሁ፣ ስሳሳት እሳቸው ከትራሱ ላይ እያረሙኝ፣ ዳዊት ወጣ። የገረመኝ ሳኦልም በሕይወት መውጣቱ ነው፤ ዳዊት ከልብሱ ጫፍ ቆረጠ እንጂ አልነካውም። ያኔ የገባኝ ጥቂት ነበር። አሁን ሳስበው፣ ፍርሃቱ ከማንበቤ በፊት አልለቀቀኝም፤ አብሮኝ አነበበ።

ዛሬ ጠዋት ገጹን ገለጥኩ። እሱ ያደርግ እንደነበረው ጮክ ብዬ ጀመርኩ፤ የገዛ ድምፄ በባዶው ቤት አስደነገጠኝ፣ ሁለት ጊዜም ወደ በሩ ዞርኩ። ምዕራፉ ሁሉ ገብቶኛል አልልም። ግን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ባለቤቴን ቀድሜው ሄድኩ። ነገም ደግሞ ሌላ ምዕራፍ አለ፤ እሱንም እየፈራሁ ነው።

ይህን ያነበባችሁ ወገኖቼ፣ ለጸሎት ስትቆሙ ባለቤቴንም አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው።