ማኪና የጠጣችው ጸበል

የማኪና ሙቀት መለኪያ መርፌ ከመሃል ተነስታ ወደ ቀዩ ስትጠጋ፣ ሹፌሩ ጨዋታውን ትቶ ዝም ሲል፣ እናንተ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ብቻችሁን ስታውቁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል?

እኔን ገጥሞኛል። ዛሬ ጠዋት ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ወደ መሃል ከተማ የተሳፈርኩባት ሚኒባስ መንገድ ዳር ቆማ ከአፍንጫዋ እንፋሎት ትተፋ ጀመረች። ሽታው ነው ወደ ልጅነቴ የመለሰኝ። የፈላ የራዲያተር ውሃ ሽታ ከሌላ ነገር ጋር አይምታታም፤ ዝገት አለበት፣ የጋለ ጎማ አለበት፣ ከሥር ደግሞ ትንሽ የሚጣፍጥ የሚመስል ነገር አለበት። ተሳፋሪዎቹ እያጉረመረሙ ወርደው ሌላ ታክሲ ፈለጉ። እኔ የማስተምረው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊያመልጠኝ እንደሆነ እያወቅሁ ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ከመካነ ብርሃን ወዲህ ካለች መንደር ስልክ ተደወለ፤ አያቴ እህል ትቷል አሉ። አንድ ነገር ብቻ ለምኗል። በልጅነቱ ጎንደር ሲማር ይጠመቅበት የነበረውን ጸበል ከመሞቱ በፊት መቅመስ ይፈልጋል።

አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፣ ያን ዕለት ሌሊት ተነስታ እህል ሳትቀምስ በእግሯ ሄዳ ቀዳችው። አምስት ሊትር በምትይዝ ቢጫ ጀሪካን ነበር። ማኪና ውስጥ ስትገባ አባቴ ጀሪካኗን ከኋላ ከዕቃው ጋር ሊያስቀምጥላት እጁን ዘረጋ። ጸበል እግር ሥር አይቀመጥም ብላ ጭኗ ላይ አደረገችው፤ እስከ መጨረሻውም ከዚያ አልወረደም።

አባቴ የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ነገር ሁሉ በየተራው እንዲሆን ይወዳል፤ ይህን ጠባይ ከእሱ ነው የወረስኩት። አሮጌ ማኪናችንን ሲነዳም እንዲሁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስለተነሳንና የተራራውን መንገድ ጨለማ ውስጥ አልነዳም ስላለ ደባርቅ አደርን። እኔ ደግሞ ደብተር ነበረኝ። ከመነሳታችን በፊት መታየት ያለበትን ሁሉ በዝርዝር ጽፌ፣ አባቴ ሲጨርስ አንድ በአንድ ምልክት አደርግበት ነበር። ውሃ። ዘይት። ጎማ። ፍሬን። ካርቶን።

ስለ ካርቶኗ ላስረዳ። በጥር የደባርቅ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው፤ አሮጌ ሞተር በዚያ ብርድ ቶሎ አይሞቅም። ስለዚህ የዚያ አገር ሹፌሮች የፓስታ ካርቶን ቀድደው ከራዲያተሩ ፊት ይሸጉጡበታል፤ ነፋሱን ይከለክልለታል፣ ሞተሩም ቶሎ ይሞቃል። ነገር ግን መርፌዋ መሃል ስትደርስ ካርቶኗ መውጣት አለባት። ዳገት ከተጀመረ በኋላ ራዲያተሩ ነፋስ ካላገኘ ውሃውን የሚያቀዘቅዝለት የለም፤ ውጭው ምንም ያህል ቢበርድ ብርዱ አይደርሰውም። ይህን ሥራ አባቴ ለእኔ ሰጠኝ። መንገዳችን የሚያቋርጠው ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ላይ ወረቀት ሊያስመዘግብ ሲወርድ እንዳወጣት ነገረኝ።

መግቢያው ላይ ቆምን። አባቴ ወረደ። እኔ ጋቢ ተከናንቤ ከመንገዱ ማዶ ፀሐይ የሚሞቁትን ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሳይ ቀረሁ። አንዷ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ሣር ትነጭ ነበር። ትዝ ያለኝ ብዙ ከሄድን በኋላ፣ አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ካርቶኗ ወጥታ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ነው።

«መግቢያው ላይ አውጥቻታለሁ» አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አባቴ ቁጡ ሰው አይደለም። ግን ያቺ ደብተር ኩራቴ ነበረች፤ ረሳሁ ማለት አቃተኝ። በሚቀጥለው ማቆሚያ ቀስ ብዬ አወጣታለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ደብተሬ ላይም በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁበት።

ጨነቅ የሚባለውን ቦታ አልፈን የቧሂት ተራራ ዳገት ሲጀምር መርፌዋ ተነሳች። መንገዱ ጠጠር ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ድንጋይ። ፀሐይ የማይደርስባቸው ኩርባዎች ላይ የሌሊቱ በረዶ ገና አልሟሟም፤ እዚያ ላይ አባቴ ፍሬን አይነካም፣ መሪም በድንገት አይጠመዝዝም፣ እግሩን ቀለል አድርጎ ማኪናዋ በራሷ እንድታልፍ ይተዋታል። ማርሽ ቀነሰ። ሞተሩ ጮኸ። ከዚያ የማሞቂያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ የጋለ አየር ፊታችን ላይ ተለቀቀ።

አክስቴ ከኋላ ሆና «ወንድማለም፣ እሳት ሲነሳ እሳት ትጨምራለህ እንዴ?» አለችው።

የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ ማስተንፈሱ እንደሆነ አስረዳት።

«እንግዲያው እኛ እንቀቀልላት» አለችና ጀሪካኗን ከሙቀቱ ልትጋርድ በነጠላዋ ሸፈነቻት።

አልሳቅሁም። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ከዚህ ኩርባ በኋላ እናገራለሁ እላለሁ፤ ኩርባው ያልፋል፤ ከሚቀጥለው በኋላ እላለሁ። መርፌዋ ቀዩን ነካች። ከኮፈኑ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት ወጣ፤ ያ ሽታም ያኔ ነው የመጣው።

አባቴ ማኪናዋን ወደ ተራራው ወገን አስጠግቶ አቆመ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ፣ እኔ ወርጄ ከጎማዎቹ ኋላ ድንጋይ አደረግሁ። የራዲያተሩን ክዳን ማንም እንዳይነካ አዘዘ። አሁን ተማሪዎቼን የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ከመቶ ዲግሪ በታች ይፈላል፣ ክዳኑ አፍኖ የያዘው ውሃ ደግሞ ከዚያ በላይ ግሏል፣ በድንገት ከተከፈተ የከፈተው ሰው ፊት ላይ ይወጣል። ያን ቀን ግን ስለ ፊዚክስ አላሰብኩም። አባቴ ኮፈኑን ሲከፍት አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ካርቶኗን አያት። በሙቀቱ ለስልሳ፣ ጎብጣ፣ የስንዴ ዘለላ ሥዕሏ ሳይቀር እዚያው ነበረች። ጎንበስ ብሎ አወጣት። አንዴ አጠፋት፣ እንደገና አጠፋት፣ ኮቱ ውስጥ ከተታት። ወደ እኔ አልዞረም። አክስቴ ምን ሆና ነው ብላ ከውስጥ ስትጠይቅ «ዳገቱ ከብዷት ነው» አላት።

አባቴ ለእህቱ ሲዋሽ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ የሚሰማው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ቀጭን የብረት ድምፅ ብቻ ነበር። አባቴ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ በትንሽ በትንሹ ከፈተው። ጣቱን ቢሰድ ውሃ አልነካም፤ ሁሉም ተንኖና ፈስሶ አልቋል። የመጠባበቂያ ውሃ ይዘን ነበር። ከኋላ ሄዶ ሲያነሳው ቀለለው፤ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ክዳኑ ላልቶ ውሃው ብርድ ልብሶቻችንን አጥቧቸዋል። ጅረቱ ጨነቅ ቀርቷል። በእግር ወርዶ ውሃ ተሸክሞ መውጣት ቀኑን ይጨርሰዋል። ያለ ውሃ ካስነሳናት ደግሞ ሞተሩ ይነክሳል፣ ግሎ ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ የትም አንደርስም።

በዚህ መሃል ነው በቅሎ የሚስብ አንድ ሽማግሌ ከላይ የመጣው። አባቴ በአክብሮት «አያ» ብሎ ሰላምታ ሰጠው።

«ምነው እዚህ ብርድ ላይ?» አለ ሽማግሌው። ማኪናዋን ዞሮ አያት። «ሸጋ ነበረች። የኔዋ ግን ዳገት ላይ ቆማ ውሃ አትለምንም።»

የማን ልጆች እንደሆንን ጠየቀ። አባቴ ሲነግረው ፈገግታው ጠፋ። ጎህ ሲቀድ በዚያ መንደር ሲያልፍ ለአያቴ ቄስ ሲጠራ ሰምቷል። ትንፋሹ እንዳለ፣ ነገር ግን ዛሬ ካልደረስን ነገን ማንም እንደማያውቅ ነገረን። በቅሎዋን ልስጣችሁ ቢልም በበቅሎ ሌሊት ነው የምንደርሰው፤ ያውም አንድ ሰው ብቻ።

ሦስታችንም ጀሪካኗን አላየንም። ባለማየታችን ሁላችንም ስለ እሷ እያሰብን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

«እታለም፣ እኔ አልጠይቅሽም» አላት አባቴ።

አክስቴ ከማኪናዋ ወርዳ ጀሪካኗን አቅፋ ቆመች፤ አንድ እጇን ክዳኑ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ገደሉን አየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የምትጸልይ መሰለኝ። ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው ዞራ «አያ፣ ለብረት ባጠጣው ኃጢአት ይሆንብኛል?» አለችው።

«እኔ ቄስ አይደለሁም ልጄ» አላት። ቆይቶም «የቀዳሽው ለአባትሽ ነው። አንቺ ሳትደርሺ ጸበሉ ብቻውን አይደርስ» አለ።

ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አምጪ አለችኝ። እስከ ግማሽ ቀድታ አንገቷ ሥር ሸጎጠችው። ጀሪካኗን ስማ የቀረውን ለአባቴ ሰጠችው። በጸበል ብዙም የማያምነው አባቴ ኮፍያውን አወለቀ፣ ሽማግሌውም እንደሱ አደረገ። አክስቴ አንድ ጠብታ መሬት እንዳይነካ የነጠላዋን ጥለት ከራዲያተሩ አፍ ሥር ዘረጋች። አባቴ ቀስ እያለ፣ እንደ ሕፃን እያጠጣ፣ አፈሰሰው፤ የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ከጠጣ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ፤ መርፌዋ ተንቀጠቀጠችና ወረደች።

ዳገቱን ጨርሰን ቁልቁለቱን የወረድነው በመጀመሪያና በሁለተኛ ማርሽ ነው። ማኪናን ቁልቁል በፍሬን ብቻ የሚይዝ ሰው ፍሬኑን ያቃጥላል፣ በመጨረሻም ፍሬን ያጣል፤ ሞተሩ ራሱ ይያዛት ይላል አባቴ። በየኩርባው ክላክስ ያሰማል። የጋለ የፍሬን ሽታ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ቆመን አቀዘቀዝን፤ በቆምን ቁጥር አክስቴ ጠርሙሱ እንዳለ በእጇ ትዳስሳለች።

ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። አያቴ ዓይኑ ተገልጦ አገኘነው። አክስቴ ራሱን ደግፋ አንድ ጉንጭ አቀመሰችው፤ ገሚሱ በአገጩ ወረደ። ጠርሙሱን አይቶ ይህቺ ብቻ ናት ወይ አላት። የቀረውን ማኪናዋ ቧሂት ላይ እንደጠጣችው እያለቀሰች ነገረችው።

አያቴ ጥቂት አሰበ።

«ታዲያ ዳነች?» አለ።

ቤቱ የሞላው ሰው ሳቀ፤ ቄሱም ሳቁ። አያቴ ሳምንት ሳይሞላው አረፈ።

አባቴ እስከ ዛሬ ስለዚያች ካርቶን አንድ ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ለአክስቴ እውነቱን የነገርኳት አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት ነው። ቤቷ ሄጄ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። መግቢያውን፣ ጭላዳዎቹን፣ ውሸቴን፣ ሁሉንም በየተራው ነገርኳት። እሷ ጠጠሮቹን ወደ ጎን ማድረጓን አላቆመችም።

«አባትሽ አጥፎ ኮቱ ውስጥ ሲከታት በመስኮት አይቼዋለሁ» አለች።

ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት።

«ተቆጥቼ ብሰጠው ጸበልነቱ ለአባቴም ለማኪናዋም ይቀር ነበራ። ቁጣዬ እስኪያልፍ ነው እጄን ክዳኑ ላይ አድርጌ የቆየሁት። አንቺ የምጸልይ መስሎሽ ነበር፤ አንቺን ነው ስሰድብ የነበረው።» ከዚያ ሣህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ዓይኗ ስለደከመ የቀረውን እንድለቅምላት ነገረችኝ።

ማኪና የምትነዱ ሰዎች ስለ ውሃውና ስለ ማርሹ የጻፍኩትን ታውቁት ይሆናል። የአክስቴን ግን እስቲ ሞክሩት። ባስቀየማችሁ ሰው ምክንያት የምትወዱትን ነገር መስጠት ግድ ሲሆንባችሁ፣ እጃችሁን ላዩ ላይ አድርጋችሁ ትንሽ ቆሙ፤ ከፈለጋችሁ በልባችሁ ተሳደቡ። ከዚያ ስጡት።