የጋሼ ቧንቧ ገመድ

ሰፈሩ «ጋሼ ቧንቧ» ይለዋል። ዕድሜውን የፈጀው አፈር የዋጠውን የውኃ መስመር ክዳን በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ሲያስስ ነው። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ያረጀችውን መሣሪያ መረቀለት፤ ከዚያ በኋላ ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ በሩን ማንኳኳት ጀመረ።

መሣሪያዋን መግጠም ግን የሁለት ሰው ሥራ ነበር። ከታች ካለው ክብ ሳህን የሚነሣው ገመድ ዘንጉ ላይ ጠበቅ ብሎ እየተጠመጠመ እላይ እስካለው ሳጥን ይወጣል። ከላላ ባዶ መሬት ላይ ያስጮኻታል፤ ሳህኑ አጠገብ ደግሞ ትንሽ ካልተረፈለት፣ ሳህኑ ሲዘነብል ይበጠሳል። እሱ ይጠመጥማል፣ ሚስቱ በአውራ ጣቷ ትይዛለች። አንድ ቀን ማሰሪያው ቢጠፋ፣ ሚስቱ የጸጉሯን ማስያዣ ነቅላ ገመዱን ሳህኑ አጠገብ ቆነጠጠችበት። ብረት መሆኑን ሁለቱም ልብ አላሉም። መሣሪያዋ ግቢውን በጩኸት አናወጠችው።

«አየህ፣» አለች ሚስቱ በሳቅ እየፈረሰች፣ «እኔን ነው የምትፈልገው!»

ኋላ ሚስቱ ታመመች። ጣቷ ከስቶ ኖሮ፣ አበባ ስትኮተኩት የጋብቻ ቀለበቷ አፈር ውስጥ ወልቆ ቀረ።

«ሲሻልሽ አብረን እንፈልገዋለን» አላት። አልተሻላትም። መሣሪያዋም ቁም ሣጥን ጀርባ ቆማ ቀረች፤ ማን ይያዝለት?

ዘንድሮ ልጁ «አባዬ፣ በዚህ ጭቃ ወድቀህ ጉድ ሳታፈላ» ብላ ግቢው ሲሚንቶ እንዲፈስበት አዘዘች። ሠራተኞቹ ነገ ይመጣሉ። ቀለበቱ ዛሬ ካልወጣ በቃ፣ እዚያው ተቀብሮ መቅረቱ ነው።

መሣሪያዋን አወጣ። ገመዱን በጉልበቱ ይዞ ጠመጠመ፤ ተፈታ። ደግሞ ጠመጠመ። አሮጌው ማሰሪያ አልይዝ ቢለው፣ መነጽሩን እንኳ ሳያደርግ መሳቢያውን በዳበሳ በርብሮ እጁ ላይ በመጣለት ነገር ቆነጠጠው። ሲያበራት ጮኸች። ደጃፉ ላይ ጮኸች፣ ከመሬት ቢያነሣትም ጮኸች። ጎንበስ ብሎ ቢያይ የሚስቱ የጸጉር ማስያዣ ነው። የስንቱን ክዳን ያገኘ ሰው ያንኑ ስሕተት ደገመው። ሳቁ መጣ፣ ከሳቁ ጋር እንባው።

ማስያዣውን ኪሱ ከቶ ልጁን ጠራ።

«ነይ፣ እዚህ ጋ በአውራ ጣትሽ ያዢልኝ።»

«እንዲህ?»

«ጠበቅ አድርጊው እንጂ! እናትሽ እንዲህ አትልፈሰፈስም ነበር።»

ገመዱን ከአሮጌ ሻሽ በቀደዱት ጨርቅ አሰሩት። አመሻሹ ላይ አበባው ሥር አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ተሰማ። ልጁ አፈሩን በጣቷ ጫር ጫር አድርጋ ቀለበቱን አወጣች፤ በቀሚሷ ጠርጋ መዳፉ ላይ አኖረችለት። 

ገመዱን ልትፈታ ስትል «ተዪው» አላት። የጸጉር ማስያዣውን ከኪሱ አውጥቶ ሳህኑ አጠገብ ቆነጠጠው። መሣሪያዋ ጩኸቷን ለቀቀችው።

«ምነው አባዬ፣ ተበላሸች እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናት» አለ፣ ሳያጠፋት። «እናትሽን አግኝታ ነው።»