የሞረዱ ድምፅ

ከመስኮቴ ሥር ያለው አዲሱ ተከራይ ማታ ማታ የቢሮ ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር የአሮጌ መጋዝ ቁራጭ ይሞርዳል። ብረቱ ቢላዋ እየሆነ ሲመጣ ፈራሁት፤ በአጠገቡ ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ዛሬ ራሱ ጠራኝ።

«እህቴ፣ እስቲ እጀታውን ጨብጪልኝ። እጅሽ የልጄን ያህላል።»

እጄ ላይ ልክክ አለ። አፉ ግን ዱልዱም ነው።

«ይኼማ ሽንኩርትም አይቆርጥ» አልኩት፣ ፍርሃቴን በሳቅ ልሸፍን ብዬ።

«ለሽንኩርት አይደለም። ልጄን ከሥራ ስትመለስ መንገድ ላይ የሚከተላት ሰው አለ።»

«ታዲያ ለምን አልሳልከውም?»

«ቢቀማትስ?»

ወደ ግቢው በር አየት አደረገና እጀታውን በብርጭቆ ወረቀት ማሸቱን ቀጠለ። እየመሸ ነበር። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ በሩን ማየት ጀመርኩ።