ጫማዬን በር ላይ ትቼ

ባለፈው ሳምንት የምመራቸው መዘምራን የልደት ስጦታ ነው ብለው አንድ ካርቶን አስታቀፉኝ፤ ክዳኑን ሳነሳው የአዲስ ቆዳ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሶሉ ስስ፣ ተረከዙ አጠር ያለ፣ ጥቁር፣ የቤተክርስቲያን ኦርጋን መርገጫ የሚጫወቱበት ጫማ። ለካ እነዚህ ልጆች ስንት ዓመት ሙሉ ኦርጋኑን በካልሲ ብቻ ስጫወት እያዩ ሲያዝኑልኝ ኖረዋል! አይ የኔ ነገር፣ ጫማ የቸገረኝ መስሏቸው። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ብቻዬን ስስቅ ሽታው ይዞኝ ሄደ፤ ከዳላስ አጠገብ ወዳለችው ሌዊስቪል፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ወደነበርንበት ወደዚያ የጓሮ አዳራሽ።

ያኔ የራሳችን ቤተክርስቲያን የለንም። ፈረንጆቹ የእሑድ ጸሎታቸውን ጨርሰው፣ ዶናታቸውን በልተው፣ ተሰነባብተው ሲሄዱ እኛ በኋላ በር እንገባና በተከራየነው አዳራሽ መጋረጃ ሰቅለን እናስቀድሳለን። ሰዉ ከግሬፕቫይን ሆቴሎች፣ ከኤርፖርቱ ፓርኪንግ፣ ከነርሲንግ ሆሙ ሺፍቱን እያስቀየረ፣ አንዳንዱም ዩኒፎርሙ ላይ ነጠላ ጣል አድርጎ ይመጣል። ጫማ እንደ ወጉ በር ላይ ይወልቃል። ቅዳሴው የሚጀመረው ከቀትር በኋላ ስለሆነ እስኪያልቅ ድረስ እህል የሚባል ነገር አይቀመስም፤ እኛ ልጆች «እግዚኦ» ስንል ከሆዳችን የሚወጣው ጩኸት የዲያቆኑን ድምፅ ይበልጠው ነበር።

አንድ እሑድ ሁሉም ሰው ፀጥ ባለበት ሰዓት ግድግዳው ጉምምም አለ። ሕፃናት አለቀሱ፣ አንዲት አሮጊት አማተቡ፣ ከዋናው የጸሎት አዳራሽ በኩል የሚመጣው ድምፅ እንደገና ወለሉን ነዘረው። የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀመንበር ጋሽ መኮንን፣ ቁጣቸው ከፊታቸው ቀድሞ የሚመጣ ግን ልበ ቀና ሰው፣ ክንዴን ለቀም አድርገው፦

«ሰብለ፣ አንቺ እንግሊዝኛው ይቀናሻል። ሩጪና ያንን ሰውዬ ስቶፕ አድርግ በይልኝ! ቅዳሴ ላይ ነን በይው!»

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ጫማዬ በር ላይ ነው፣ በካልሲዬ እየተንሸራተትኩ በረርኩ። ኦርጋን ሲባል እኔ የማውቀው ሰርግ ቤት የሚዘፈንበትን፣ ክንድ የማያህለውን ኪቦርድ ነው። ጠባቡን ደረጃ ወጥቼ ሰገነቱ ላይ ስደርስ ግን፣ አቤት! የኦርጋኑ ቧንቧ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ መደዳ መደዳ ሆኖ የተነባበረ የኪቦርድ ጥርስ አለ፣ አንድ ረጅም ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ በእጁ ሌላ፣ በእግሩ ሌላ ዜማ ያወጣል። ከእግሩ ስር የእንጨት መርገጫዎች እንደ መሰላል ተዘርግተዋል፤ በግራ በኩል የመጨረሻውን ሲረግጠው ድምፁ ጆሮዬን ትቶ በውስጥ እግሬ ገብቶ ጉልበቴ ላይ ወጣ። መልእክቴን ረሳሁት! ጋሽ መኮንን፣ ቅዳሴው፣ ረሃቡ፣ ሁሉም ጠፋኝ። እንዲያው በደስታ እግሬን እያፈራረቅኩ ስዘል ነው ዞር ብሎ ያየኝ።

ቅዳሴ ላይ መሆናችንን ስነግረው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ይቅርታ ጠይቆ አልበቃ አለው፤ በመጨረሻ፣ ኦኬ፣ ስትጨርሱ እየመጣሽ ትነግሪኛለሽ፣ እኔም ከዚያ በኋላ እጀምራለሁ ተባባልን። ሚስተር ሆሊስ ይባላል። በአውሮፓ ትልልቅ ካቴድራሎች እየተጠራ የሚጫወት፣ ሸክላ ያስቀረጸ፣ ዳላስ ውስጥ የሚመራው መዘምራን ኮንሰርት ሲያቀርብ ወንበር የሚጠፋለት ሰው መሆኑን የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። የዚያ ቤተክርስቲያን ኦርጋን ጥሩ ስለሆነና እሑድ ከሰዓት ጭር ስለሚል ነበር እዚያ መጥቶ የሚለማመደው፤ ጭር አለማለቱን እኛ አሳየነው እንጂ።

በየእሑዱ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጥቼ «ጨርሰናል!» እላለሁ። ቃሏን አስጠኚኝ ብሎ ለመዳት፣ መልሷንም አስተማርኩት። «ሶ፣ እኔ ልጀምር?» ይላል፣ «ጀ»ን አፉ ውስጥ አላሽቆ። አንድ ቀን ታዲያ መጀመሩን ትቶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠጋ አለልኝ። ካልሲዬን አየና እግሬን ግራ ጥግ ያለው መርገጫ ላይ አስቀመጠው። ከዚያች ቀን ወዲያ የሰፈሩ ልጆች የሚጠሩኝ የሶፍትቦል ጨዋታ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የጓደኞቼ ፒዛ ድርሻቸውን አጡ። ረቡዕ ረቡዕ አባቴ ዳላስ እያደረሰኝ የመዘምራኑን ልምምድ አያለሁ። ሚስተር ሆሊስ በእጁ ከሚመራው በቅንድቡ የሚመራው ይበልጣል፤ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ሲያንቀላፉበት፣ «እራት በልታችሁ እንደመጣችሁ ያስታውቃል፣ ሌዊስቪል ውስጥ የማውቃቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ ምግብ ሳይቀምሱ ነው የሚዘምሩት!» ብሎ ይቆጣል። ለካ እሑድ እሑድ የሰገነቱን በር ከፍቶ እኛን እየሰማ ነበር የሚጠብቀኝ።

እናቴ ይህን ሁሉ እያወቀች እንዳላወቀች ሆና ሦስት ዓመት አለፈ። ሆቴል ውስጥ ክፍል ስታጸዳ ውላ የምትመጣ፣ ድካሟን ለማንም የማትነግር፣ ሃይማኖቷ ላይ ግን ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ጉዱ የፈላው ሚስተር ሆሊስ ለፈረንጅ ገና በሚያቀርበው ኮንሰርት ላይ አንዱን መዝሙር እኔ እንድጫወት ሲነግረኝ ነው። እሱ መዘምራኑ ፊት ቆሞ ይመራል፣ ኦርጋኑ የእኔ ይሆናል፤ እኔ ከቀረሁ መዝሙሩም ይቀራል። በደስታ እግሬ መሬት አልነካ ብሎኝ ቤት ገብቼ ስናገር እናቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

«በነቢያት ጾም? ኦርጋን? ያውም በጫማ በሚገባበት?»

አባቴ ሰላም ወዳድ ሰው ስለሆነ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። እኔ አለቀስኩ፣ ለመንኩ፣ በሬን ዘጋሁ። በሦስተኛው ቀን ፍርዷን ሰጠች፦ «እኔው እወስድሻለሁ። በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ዘፈን ከሆነ እጅሽን ይዤ አወጣሻለሁ፤ ሁለተኛም እዚያ ሰገነት አትወጪም።» እናቴ ደግሞ እወስዳለሁ ካለች ትወስዳለች፣ አወጣለሁ ካለችም ታወጣለች።

ምሽቱ ደረሰ። የዳላሱ ቤተክርስቲያን ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሽቶው፣ ካባው፣ የሻማው ወገግታ ልብ ያጠፋል። ሚስተር ሆሊስ አዲስ የኦርጋን ጫማ ገዝቶልኛል፣ ልክ እንደ ዛሬው የሚሸት፤ ሰዉ ፊት በካልሲ እንዳልወጣ ያሰበልኝ መስሎት። ተራዬ ደርሶ ወደ ኦርጋኑ ሳመራ እናቴን በሩ ጋ አየኋት። በዩኒፎርሟ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን አጣምራ ቆማለች፣ ነጭ የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች። የቤተክርስቲያን ደጃፍ በጫማ ረግጣ የማታውቀው እናቴ! ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ይህ ለእሷ አዳራሽ ነው፣ እኔም ዘፋኝ ነኝ።

ቁጭ አልኩ። እግሬን ወደ ግራ ሰደድኩ፣ መርገጫው ጠፋኝ። ሶሉ እንጨቱንና እግሬን ለይቷቸዋል፤ አዲስ አበባ ላይ የጠፋ የገጠር ሰው ሆንኩ። ሚስተር ሆሊስ ቅንድቡን ሰቅሎ ይጠብቀኛል፣ ሰዉ ማሳል ጀምሯል። ጎንበስ ብዬ ጫማውን አወለቅኩት። በማን አለብኝነት አይደለም፣ ጨንቆኝ ነው፤ እጄ ግን እሑድ እሑድ በር ላይ እንደለመደው አጣምሮ ከአግዳሚው ጥግ አስቀመጠው። ሚስተር ሆሊስ ካልሲዬን አይቶ ፈገግ አለ፣ እጁን አነሳ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ! እንጨቱ ራሱ እግሬን እየጠራ ይቀበለው ጀመር። የሴቶቹ ድምፅ ከላይ ሲወጣ እኔ ከታች እገፋዋለሁ፣ ወንዶቹ ሲገቡ አጸናቸዋለሁ፣ ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ የሚዘምረው በእኔ እግር ላይ ቆሞ ነው። ሆዴ ባዶ ነው፣ ጭንቅላቴ ንጹህ ነው፣ እንዲያ ያለ ደስታ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። መጨረሻ ላይ ግራ ጥግ ያለውን ስረግጠው አግዳሚው፣ ወለሉ፣ መስኮቱ ሁሉ አብሮ ተንቀጠቀጠ።

ጭብጨባው መሀል ዞር ብዬ በሩን አየሁ። እናቴ ቆማለች። ነጩ ጫማዋ ግን እግሯ ላይ የለም፤ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች፣ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። አጠገቧ ያለችው ባለካባ ሴትዮ ወደ እግሯ ታያለች፣ እናቴ ማንንም አታይም።

እናቴ መኪናውን ሃይዌይ ላይ አስገባች። ከዚያ፦ «ጾመሽ ነው የተጫወትሽው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ደግ አደረግሽ። እሑድ ሰውዬውን ጨርሰናል ስትይው፣ እናቴ ሰላም ብላሃለች በይልኝ።»

እንዲህ ተጀምሮ ነው እንግዲህ ዛሬ የምኖርበት ሥራ የመጣው፤ በየአገሩ መዞሩ፣ የራሴን መዘምራን መምራቱ፣ ሁሉም። በካልሲ፣ በባዶ ሆድ። የእኛ ሰዎች ትልቅ ቤተክርስቲያን ገዝተዋል፣ ተመስገን፣ ፓርኪንጉ ብቻ ያስቀናል፤ ግን ቅዳሴ ላይ ግድግዳውን የሚያንኳኳ ጎረቤት የለም፣ በካልሲ የሚሮጥ መልእክተኛም አያስፈልግም። ጋሽ መኮንን አርፈዋል። የሌዊስቪሉ ሕንጻ ተሸጦ ጂም ሆኗል፤ ኦርጋኑን ፈታትተው ወዴት እንደወሰዱት ብጠይቅ የሚያውቅ አጣሁ።

ሚስተር ሆሊስም ባለፈው ዓመት ሄደ። ቤተሰቦቹ የቀብሩ ሽኝት ላይ እንድጫወት ጠየቁኝ። እናቴ እሄዳለሁ ብላ በከዘራዋ መጣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ወንድሜ ትከሻ ላይ ተደግፋ፣ ከኋላዋ ሰው ተሰልፎ እየጠበቃት፣ አንዱን ጫማ፣ ቀጥሎ ሌላውን አወለቀች። ፓስተሩ የመጨረሻውን ጸሎት አድርሶ ተቀመጠ። እኔም አግዳሚው ላይ፣ በካልሲዬ፣ ሳላስበው «ጨርሰናል» አልኩ።

ትንሽ ጠበቅኩ። «ሶ፣ እኔ ልጀምር?» የሚለኝ አልነበረም፤ ስለዚህ እኔ ጀመርኩ።