«መጣሁ» ብዬ የወጣሁ ዕለት

ልጄ እንደማልመለስ የገባት በስንተኛው ቀን ይሆን? በዚያው ምሽት? በሳምንቱ? ወይስ ክረምቱ ወጥቶ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ እጇን ይዞ የሚያደርሳት ሌላ ሰው ሲሆን? አምስት ዓመት አለፈው፤ ዛሬም አላውቅም። የምታሳድግልኝን እህቴን ስንዱን ስጠይቃት «አልቅሳ አልቅሳ ወጣላት» ትለኛለች። ቀኑን ግን አትነግረኝም።

እናንተ የመካኒሳ አቦ ሰዎች የወጣሁ ለት አይታችሁኛል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሻንጣዬ፣ ኮቴና ጫማዬ ከሦስት ቀን በፊት ጎረቤታችን እማማ በላይነሽ ቤት ገብተዋል። ልጄ ሶስና አራት ዓመቷ ነው፤ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ቆርኪ ትደረድራለች። እኔ የቤት ቀሚስ ለብሼ፣ ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ ባዶ ፌስታል ይዤ ወጣሁ፤ ሱቅ የምሄድ እንድመስል።

«ወዴት ነው?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«መጣሁ» አልኳት።

ቋንቋችን ጉድ ነው እኮ! እግራችን እየሄደ አፋችን «መጣሁ» ይላል፤ ማንም አይታዘበንም። እማማ በላይነሽ ጓዳ ገብቼ ጫማዬን ቀየርኩ። ነጠላ ጫማውን ስንዱ በማግስቱ ስታመጣው ሶስና አየቻት። «ጫማዋ መጣ፤ እሷስ?» አለች አሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ፣ ሲመሽ ሲመሽ፣ ጫማውን አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙራ በር ላይ ታስቀምጠው ነበር። ስንዱ ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው።

ማንም አልመከረኝም፤ ሙያዬ ነበር። አሥራ ሁለተኛን በማታ ትምህርት፣ በሃያ ስምንት ዓመቴ ጨርሼ፣ ነፋስ ስልክ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ሆኜ ሠርቻለሁ። በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ስንቷን እናት በጓሮ በር አስወጥቻለሁ! «ሳታይሽ ውጪ እናት፤ ትለምዳለች» እላለሁ። ልጅቷን ወደ መስኮቱ አዞርና «ወፏን እያት፣ ወፏን!» እላታለሁ። ወፍ አልነበረም።

ጀርመን የመጣሁት በኋላ ቤታቸው ተቀጥሬ ልጆቻቸውን የምጠብቅላቸው ባልና ሚስት ለስድስት ወር ይዘውኝ ነው። የሰው ልጆች እንዳይከፋቸው አብሬ ሄድኩ፤ የኔዋን ትቼ። ስድስቱ ወር ሲያልቅ አልተመለስኩም፤ እጄን ሰጥቼ ጥገኝነት ጠየቅሁ። የስደተኛ ካምፕ ዳቦውን፣ እንደ ድንጋይ የደረቀውን፣ አልተርክላችሁም። ብርዱን ግን ልንገራችሁ፦ የሐምሌን ብርድ ታውቃላችሁ? እሱ ከዚህኛው አጠገብ የልጅ ጨዋታ ነው። ፀሐይዋም በታኅሣሥ አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ትወጣለች፤ እንደ ቀበሌ ሠራተኛ።

ወረቀቴን አግኝቼ ቤት ስፈልግ አንዲት አሮጊት አከራይ በሩን ገርበብ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ጥሩ። ልጅ ይጮኻል። ድመት ትወጃለሽ?»

«እወዳለሁ።»

«የኔዎቹ ሁለት ናቸው። ብቻቸውን ሲሆኑ ያዝናሉ፤ ስትወጪና ስትገቢ ሰላም በያቸው።»

ሁለቱንም አንድ ላይ ዋሸሁ፤ ድመትም አልወድም። ክፍሉን አገኘሁ። ጠዋት ጠዋት ስወጣ የሰው ድመት እሰናበታለሁ።

ልጄን ለማስመጣት ማመልከቻ ሳስገባ መሥሪያ ቤቱ ተርሚን ሰጠኝ፤ ቀጠሮ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ያለ ተርሚን አይታመምም። ሰውዬው የልደት ወረቀቷን አገላበጠ።

«ልጅዎ አሥራ አራት ዓመቷ ነው።»

«ስድስት ናት።»

«እዚህ የተጻፈው ዓመት አሥራ አራት ያደርጋታል።»

«የእኛ አቆጣጠር ነው። ከእናንተ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን።»

«እንግዲያው ከአዲስ አበባ እዚህ ለመድረስ ስምንት ዓመት ፈጅቶብዎታል» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። አስተርጓሚውም ሳቀ፤ አበሻ ነው፤ ከሱ አልጠበቅሁም። ሰውዬው ቀጥሎ ሳይስቅ ጠየቀኝ።

«ሲለዩ እንዴት ተሰናበቷት?»

«አቅፌ። ሁሉንም ነግሬ።»

ጻፈው፤ ማኅተም አደረገበት። በዚያ ፋይል ውስጥ እኔ ልጄን አቅፌ የተሰናበትኩ እናት ነኝ።

የስልኩን ነገርማ አታንሱት። ሰባት ዓመት ሲሆናት፣ አንድ እሑድ፣ «እስኪ አዋሪኝ ሶሲ» አልኳት። «መጣሁ» አለችና ስልኩን ሶፋ ላይ ጣለችው። ጠበቅሁ። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ ስንዱ ሽንኩርት አለቀ ብላ ትነጫነጫለች፤ ሶስና ከጎረቤት ልጅ ጋር ከት ከት ብላ ትስቃለች። ካርዱ እስኪያልቅ አርባ ደቂቃ ሰማሁ። አልመጣችም። ስታድግ ትረሳዋለች ብዬ ነበር፤ ቃሉን እንደኔው አድርጋ ተምራዋለች።

በዚያው ሰሞን ነው የመዋዕለ ሕፃናት ሙያ ለመማር የገባሁት፤ መዋዕለ ሕፃናቱን እዚህ ኪታ ይሉታል። እንደ አዲስ ጀማሪ፣ የልጅ እኩያ ከሚሆኑኝ ጋር። እነዚህ ሰዎች ልጅን ከእናቷ የሚለዩበት ሥርዓት አላቸው፤ ሳምንታት ይፈጃል። መጀመሪያ እናትየዋ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። በአራተኛው ቀን ሦስት ደቂቃ ትወጣለች፤ ግን ተንበርክካ፣ ዐይን ዐይኗን እያየች፣ «አሁን እሄዳለሁ፤ ተመልሼ እመጣለሁ» ብላ ነው። በተባለው ሰዓት ትመጣለች። ልጅቷ ብታለቅስ ማንም ዝም በይ አይላትም። አቅፈው «አዝነሻል፤ እናትሽ ናፍቃሽ ነው» ይሏታል። እኛ ዘንድ ቢሆን «ቁስሏን ምን ያስነካካችኋል?» እንባል ነበር። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አልኩ፤ በልቤ።

ፈተና ላይ፦ «ወላጅ ሳይሰናበት ተደብቆ ቢወጣ ልጁ ምን ይማራል?» የሚል መጣ። አራት ገጽ ጻፍኩ። ጀርባውን የሚያዞር ሰው ሁሉ ሊጠፋ እንደሚችል ይማራል፤ ጨዋታውን ትቶ በር ይጠብቃል፤ የከፋው ደግሞ መጠበቁን የተወ ዕለት ነው፤ ሰዎች ያን ዕለት «ለመደ» ይላሉ። እዚህ ትንሹ ቁጥር ነው ትልቁ ውጤት፤ አንድ አገኘሁ። መምህሯ ወረቀቱን እያነበበች፣ «ይህን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ በክፍሉ ፊት።

«ከመጽሐፍ» አልኳት። አጨበጨቡልኝ።

ባለፈው ሰኔ የልጄ መግቢያ ፈቃድ መጣ። ሶስና ዘጠኝ ዓመቷ ሆኗል። ወረቀቱ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ነው፤ ካለፈ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ለስንዱ ደወልኩ፤ አሁን የሚኖሩት ፉሪ ነው። እልልታዋን አቀለጠችው፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስሚኝ፤ ምንም አትነግሪያትም። ለክረምት ዕረፍት ነው፣ መስከረም ላይ ትመለሻለሽ እንላታለን። ከገባች በኋላ የት ትሄዳለች? ትለምዳለች።»

«ስንዱ…»

«እውነቱን ከነገርሻት አትሳፈርም። እዚህ ጓደኛ አላት፣ ትምህርት ቤቷን ትወዳለች። ልጅሽ ታመልጥሻለች፤ በኋላ እኔን እንዳትይኝ!»

እውነቷን ነበር። ስንዱ ልጅ ታውቃለች። ሁለት ቀን ሳልደውል ቆየሁ። ልዋሽ ፈልጌ ነበር፤ አልክድም። አልጋዋን ገዝቼ አንጥፌያለሁ፤ ትራሷን በእጄ እየደባበስኩ «አንዴ ትግባልኝ እንጂ በኋላ እክሳታለሁ» እል ነበር። ኪታ ሄጄ ደግሞ የሰው እናቶችን በትሕትና አንበረክካለሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደወልኩ። ለአከራዬ፣ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለመምህሬ፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን ለእሷ ነገርኳት።

«ሶስና፤ ስንዱ የክረምት ዕረፍት ነው ብትልሽ ውሸት ነው። ከመጣሽ የምትኖሪው እኔ ጋ ነው። መስከረም ላይ መመለስ የለም። ጥለሽኝ የወጣሽ ለት አንቺም ዋሽተሽኛል ብትዪኝ፣ አዎ፣ አውቄ ነው የዋሸሁሽ። እንዳታለቅሺ ብዬም አይደለም። ስታለቅሺ ላለማየት ነው። ፈርቼ ነው።»

እነሱ ቤት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ይሰማኛል።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«እመጣለሁ ወይም አልመጣም ማለት አለብኝ? አሁኑኑ?»

«የለብሽም።»

«እሺ» አለች፤ በጨዋ ደንብ፣ ለእንግዳ ሰው እንደሚባለው። «ቆዪኝ፤ እናቴን ላገናኝሽ።»

ስልኩን ለስንዱ አቀበለቻት።