መላ ያልተገኘላት ሽምብራ

ልጄ ሰናይት ሥራ ከመሄዷ በፊት ጀርባዬን በጉንፋን ቅባት ታሽልኛለች፣ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሰንጥቆ ሲገባ በሰው አገር፣ ስካርቦሮ ከተማ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መተኛቴ ይጠፋኝና አገር ቤት ዳስ ሥር እገባለሁ፤ ያኔ ዳሱ የሚሠራው በባሕር ዛፍ ነበርና ቅጠሉ ፀሐይ ሲያገኘው ልክ እንደዚህ ነበር የሚሸተው። «እማዬ፣ ምን ያስቅሻል?» ትለኛለች። «ጀርባዬ ላይ ሊደግሱ ነው እንዴ ብዬ ነዋ» እላታለሁ። እሷ አትስቅም፣ ዶክተሩ የሳንባዬን ፎቶ ካሳያት ወዲህ መሳቅ ትታለች።

እናቴን እናና ነበር የምንላት። ሠርግም ይሁን ተዝካር በሰፈራችን ያለ እናና አይደገስም ነበር፣ እንደኔው ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን የሦስት መቶ ሰው ድግስ በጭንቅላቷ ይዛ ትዞር ነበር። አዝመራው ገብቶ የሠርግ ወሬ ሲጀመር፣ ኅዳር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ቁርበት አንጥፋ፣ ታላቅ እህቴን ብርቄንና እኔን አስቀምጣ፣ የሽምብራ ቆሎ በሰፌድ አቅርባ፣ ባዶ ወጪት መሀላችን ታስቀምጥና «በሉ፣ ድግሱ ፈረሰ። ሰዉ እየሰደበን ሄደ። ምን ሆኖ ነው?» ትለን ነበር።

«ጠላው ሆምጥጦ» ስንል አንድ ሽምብራ ወጪቱ ውስጥ ትጥላለች። «ሚዜዎቹ ያልተጠራ ሰው አግተልትለው መጥተው»፣ አንድ ሽምብራ። «አጎታችን ሰክሮ የዳሱን ምሰሶ ተደግፎ»፣ አንድ ሽምብራ፣ ይሄማ በየዓመቱ ስለሚደርስ ሁለት ይገባው ነበር። ከዚያ ደግሞ መላ ፍለጋ ነው፣ ለአንዱ ጥፋት መላ ያገኘ ያችን ሽምብራ አንስቶ ይቆረጥማታል። «አጎታችንን ከበጉ ጋር እንሰረው» ብዬ ቆርጥሜያለሁ እኔ። መላ ያልተገኘላትን «ይቺ የእግዜር ናት» ትልና ለዶሮዎቹ ትወረውራት ነበር፤ ለብዙ ጊዜ እግዜር ማለት ዶሮ ይመስለኝ ነበር እኮ! ወጪቱ ባዶ ሲሆን እናና መቀነቷን ላላ አድርጋ፣ እራቷን በልታ ትተኛለች፣ ደጋሾቹ እንቅልፍ አጥተው ሲገላበጡ እሷ ታንኮራፋ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ይሄ ጨዋታ አይጥማትም ነበር። በደጃፋችን ባለፈች ቁጥር እናናን በስሟ ጠርታ «አንቺ የሺ፣ በልጆች አፍ ሟርት ታስጠሪያለሽ!» ትላታለች። እናና ደግሞ «ክፉ ነገር እንደሁ ሳይጠሩትም የሚመጣ እንግዳ ነው፣ ቢያንስ መቀመጫ ላዘጋጅለት» ትላት ነበር።

አንድ ዓመት ላይ ተረኛዋ ሙሽራ ብርቄ ነበረች፣ ለጥር ልትዳር። ወጪቱ እየሞላ እየተበላ፣ እየሞላ እየተበላ ቆይቶ እኔ ገና መቆርጠም አምሮኝ ጥፋት አለቀብኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከመስቀል ወዲህ እናናን ሲያስላት አይ ነበርና፣ ዝም ብዬ «እናና ሞታ» አልኩ።

ብርቄ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እትዬ ዘነበች አጥሩ ጋ ሆና ሰምታ ኖሮ «ቱ! ቱ! ምላስሽ ይቆረጥ፣ ሟርተኛ!» ብላ አማተበች። እናና ግን አልተቆጣችም፣ አንዲት ሽምብራ መርጣ ወጪቱ ውስጥ ጣለችና «እሺ፣ ሞትኩ። ከዚያስ?» አለችኝ።

«አለቅሳለሁ።»

«አልቅሰሽ ስትጨርሺስ?»

«ይርበኛል።»

«ከዚያስ?»

ሽምብራዋን ዓይን ዓይኗን አየኋት፣ እንዳልበላት መላ የለኝም። እናና ለዶሮዎቹም አልወረወረቻትም፣ ቀስ ብላ አንስታ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት።

ጥር ላይ ሠርጉ ያለ እንከን አለፈ፣ አጎታችንም ከምሰሶው ራቅ ብሎ ሰከረ። ብርቄ ከሄደች በኋላ እናና እኔን ያዘችኝ፣ በልጉን ሙሉ ለመቶ ሰው ወጥ ስንት እፍኝ ጨው እንደሚገባ፣ እርጥብ እንጨት እንዴት እንደሚያያዝ፣ ፀጉሬን ራሴ እንዴት እንደምጎነጉን ታሳየኝ ነበር፤ እያሳላት ታሳየኝና ስትጨርስ የነጠላዋን ቋጠሮ ዳበስ ታደርጋለች። እኔ ሞኟ ደግሞ በየቀኑ «መላ አገኘሽላት? ልብላት?» እላታለሁ። «ገና ናት» ትለኝ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ተኛች፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሞተች። ሴቶቹ ሲገንዟት ነጠላዋን ለብርቄ ሰጧት፣ ቋጠሮው እንዳለ ነበር።

የአርባዋን ተዝካር መስከረም ላይ ብርቄና እኔ ደገስነው። ጠላው አልሆመጠጠም፣ ዳሱ አላፈሰሰም፣ ጨዉም በልኩ ነበር። እትዬ ዘነበች እንኳ እንባዋን እየጠረገች «እናንተ ልጆች፣ ምንም አልጎደለም እኮ፣ ምንም!» አለችን። እኔም በዚያ በባሕር ዛፍ ሽታ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ያለችኝን ሁሉ አድርጌ፣ አልቅሼ ጨርሼ፣ ራበኝ። ከዚያስ የሚለውን ይኸው ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አላወቅሁትም።

ባለፈው ሳምንት ብሉር መንገድ ካለው የሐበሻ ሱቅ የሽምብራ ቆሎ አስመጥቼ፣ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ሳህን አስቀምጬ ሰናይትን ጠራኋት። «ነይ ቁጭ በይ። ሞትኩ እንበል። መጀመሪያ ምን ይበላሽብሻል?»

«እማዬ፣ አታሟርቺ! ፖዘቲቭ ሁኚ ብሎሻል እኮ ዶክተሩ!» ብላ ሁሉንም ሰብስባ ኪችን ወሰደችው። አማርኛው ግማሹ ጠፍቶባት ሟርት የምትለዋን እንዴት አድርጋ እንደያዘቻት! ከዚያ ሻወር ገብታ ውኃውን ለቅቃ ስታለቅስ ሰማኋት፤ የማልሰማ መስሏታል፣ ጆሮዬን ሳይሆን ሳንባዬን ነው ያመመኝ። የልጅ ልጄ ሊያ ከኮሌጅ ስትመጣ ደግሞ ቆሎውን አገኘችውና አንዲት ጥፋት ሳትጠራ፣ አንዲት መላ ሳታመጣ ሙልጭ አድርጋ ቆረጠመችው። «ሶሪ አያቴ፣ ስናክ መስሎኝ!» አለችኝ። ምን ልበላት፣ ጥርስ አላት፣ ትብላ።

አንዷን ግን ቀድሜ ደብቄ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬያታለሁ። የእናናን ቋጠሮ ብርቄ ስትፈታው፣ ያች ሽምብራ ምን እንደሆነች ሁለታችንም እናውቅ ነበርና ተቃቅፈን አለቀስን። የኔን የሚፈታት ሰው ሽምብራ ናት ብሎ ጋርቤጅ ውስጥ ይጥላታል።