ሳሩን የሚቀበል ጠፋ

በ2012 ዓ.ም.፣ እኔ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ሳለሁ፣ የጉደሩ ኦቦ ታደሰ አረፉ። ሳንባቸውን አሟቸው ነበር፤ ብዙም አልቆዩም። ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ እለፉኝ።

አያታቸው የሚያገለግሉትን ጌታ ተከትለው ከመንዝ መጡ፤ አባታቸው በዚያው ጌታ ቤት በቅሎ ይጭኑ ነበር። የእኔ አባት ደግሞ የዚያው ቤት ገባር። ማርና ማገዶ ተሸክሞ በራቸው ላይ ሲንገላታ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ነፍጠኛ የሚባለው ማን እንደሆነ ማንም አያስተምረኝም። ጠመንጃ ይዞ መጥቶ በመሬታችን ላይ ጌታ ለሆነብን ሰው የወጣ ስም ነው። ስሙ ውሸት አይደለም። ዛሬ ግን በቤቱ አማርኛ የሚናገረውን ሁሉ፣ ጫማ ጠጋኙን ሳይቀር፣ ነፍጠኛ ይሉታል። ውሸቱ እሱ ነው። ኦቦ ታደሰ ግን የቀድሞውን አልካዱም። «የአባትህን ማር በር ላይ የሚቀበለው አባቴ ነበር» ይሉኝ ነበር።

ባለቤቴ የታመመች ክረምት የራሳቸውን ማሳ ትተው የእኔን አረሱ። ተው ብላቸው፣ «የእኔ መሬት የትም አይሸሽም፤ የሚሸሸው ዝናቡ ነው» አሉ።

ሽምግልና ስንቀመጥ የእርቅ ምልክት የሆነውን ለምለም ሳር የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። አፋን ኦሮሞውን ከእኛ አሳምረው ይናገሩታል። «መጀመሪያ የተራበው ይናገር፤ የጠገበ ቃል አይጠፋውም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ገመቹና ወንድሙ በድንበር ተጣልተው ሽምግልና ከምንቀመጥበት ዋርካ ሥር ቀረቡ። ገመቹ ብድግ ብሎ፣ «ነፍጠኛ የአባቴን መሬት አያካፍለኝም!» አለ።

አንዱ ሽማግሌ፣ «ጠመንጃውን የት አየህበት? የያዘው ዱላ እንኳ የተዋሰው ነው!» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ።

ኦቦ ታደሰ፣ «ተው፣ አትቆጡት። የአያቱን ዕዳ ሊያስመልስ መጥቶ የተሳሳተ ቤት አንኳኳ» አሉ። ሳሩን መሬት ላይ አኖሩና ተነስተው ሄዱ።

በእኛ ወግ እንዲህ የተነሳ ሽማግሌ፣ የሰደበው ሰው እርጥብ ሳር ይዞ ካልለመነው ተመልሶ አይቀመጥም። ገመቹ ቤት ሄድኩ።

«ኤሱማ» አለኝ፤ የእናቱን ወንድም እንዲህ ነው የሚጠራው። «ሳር ይዤ ብሄድ ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?»

«እኔስ ምን እልሃለሁ?»

«እርስዎ ያልፋሉ። እኔ የምኖረው ከእነሱ ጋር ነው።»

ድሮ የኤሱማ ቃል ያስፈራ ነበር። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ እናቱን ላክሁበት። አልሆነም። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም፣ «ጊዜው ክፉ ነው፣ ዝም በል» አሉኝ። ኦቦ ታደሰ ግን ሽምግልና በሚኖርበት ቀን ሁሉ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። ስመጣ ሲያዩ እጄን ያያሉ። እጄ ባዶ ነው። «ግባ፣ ብርዱ አይምታህ» ብቻ ይሉኛል።

በቀብራቸው ዕለት ገመቹ መጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ለምለም ሳር ጨብጦ ቆሟል። ሰው ሁሉ እያየው ያልፋል። «ኤሱማ፣ ለማን ልስጠው?» አለኝ። ሳሩ እጁ ላይ ጠወለገ።

ታደሰ ወንድሜ፣ እስካሁን ለሰው ስጽፍ አከበርኩህ፤ አሁን እንደ ልማዳችን አንተ ልበልህ። የጌታም የሎሌም ስም ወደማይጠየቅበት ሄደሃል። እኔ ወደ ቦታህ ልመልስህ አልቻልኩም። በነጋታው ጠዋት ወደ ዋርካው ሄድኩ። ትቀመጥበት በነበረው ድንጋይ ላይ ማንም እንዳይቀመጥበት ዱላዬን አጋደምኩበትና፣ አጥር አጥሩን እየተደገፍኩ ወደ ቤቴ ገባሁ።